ራይት የተደረገበት ለቅሶ

ሎክራጅን የሚያውቅ ሁሉ ስልኩን ያውቃል። ካትማንዱ ውስጥ፣ ለባሕር ማዶ ደንበኞች ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ድርጅት የክፍል ኃላፊ ነው፤ ክፍሉን የሚመራው ግን እሱ ይሁን ስልኩ ውስጥ ያለው አፕ ለመለየት ያስቸግራል። የማን ሥራ ዛሬ ያልቃል፣ የማን ነገ፣ ማን ማንን እየጠበቀ ነው፣ ሁሉም እዚያች ሰሌዳ ላይ በካርድ በካርድ ተደርድሯል። ቀኑ ያለፈበት ሥራ ካርዱ ቀይ ይሆናል። ያለቀ ሥራ ራይት ሲደረግበት ደግሞ አረንጓዴ ይሆንና ከስክሪኑ አናት ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ይዘንባል፤ ሙሽራ የገባ ነው የሚመስለው። ሎክራጅ ያንን ወረቀት ይወደዋል። ሚስት ያገባ፣ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ ሰው በብጥስጣሽ ወረቀት ይደሰታል ወይ ቢባል፣ አዎን ይደሰታል።

አብሮት የሚሠራው ሱዲፕ፣ «ሎክራጅ እኮ ሲሞት ሬሳው የሚቃጠልበትን እንጨት ራሱ አዝዞ፣ ራይት አድርጎ ነው የሚሞተው» እያለ ያስቅበታል። ሎክራጅ አይከፋውም። እንዲያውም እንደ ምስጋና ይቆጥረዋል።

የመሥሪያ ቤቱ አልበቃ ብሎት የቤቱንም ኑሮ እዚያው ጨመረው። ጋዝ ማስሞላት፣ ፀጉር መቆረጥ፣ የሞተር ብስክሌቱን ዘይት ማስቀየር፣ ጎርካ ላሉት እናቱ መደወል፣ ሁሉም ካርድ ሆነ። ሚስቱ ፕራቲማ አስተማሪ ናት፤ ለእሷም ከፈተላትና ሰሌዳውን አብረው ያዩ ጀመር። መጀመሪያ ቀን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣

«እኔስ የት ነኝ?» አለችው።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? አንቺ እኮ ሥራ አይደለሽም።»

«ይኸው ነዋ! ሥራ ብሆንማ ኖሮ ታስታውሰኝ ነበር።»

ሳቁ። ያን ጊዜ ገና ያስቅ ነበር።

ሎክራጅ ከገጠር ሊማር ወደ ካትማንዱ ሲመጣ ያረፈው ኪርቲፑር ኮረብታ ላይ፣ የእናቱ ወንድም ቶያናት ቤት ነው። ኮሌጅ እስኪጨርስ እዚያው ኖረ። የአጎቱ ሚስት ቱልሲ አበላችው፣ ልብሱን አጠበችለት፣ ሲያመሽ ከአልጋዋ ተነስታ በር ከፈተችለት። ከድስት ሥር ያረረ ሩዝ ስለሚወድ ለእሱ ስትል ሆን ብላ ታሳርረዋለች። ባሏ ቤቱ ጭስ ጭስ ሸተተ ብሎ ሲያጉረመርም፣ «ባንጃ ይወደዋል፣ አንተ ምን አገባህ!» ትለዋለች። ባንጃ የእህት ልጅ ነው፤ በእነሱ ዘንድ የእህት ልጅ የተቀደሰ ነው። ሽማግሌ አጎት ጎንበስ ብሎ የእህቱን ልጅ እግር በግንባሩ ይነካል እንጂ ልጁ ለአጎቱ አይሰግድም። ሎክራጅ ገና የመጣ ሰሞን ቶያናት እግሩ ሥር ዝቅ ሲልበት ደነገጠና እግሩን ሰበሰበ። ቱልሲ በሳቅ ፈረሰች። «እግርህን አታሽሽ፣ አንተ ልጅ! ጽድቃችንን ይዘህብን ልትሄድ ነው?» አለችው። ዳሩ ትንሽ የተጣመመ የነሐስ ሳህንም ነበረው። የባንጃ ነው ተብሎ ሌላ ሰው አይበላበትም ነበር።

ቱልሲ በዚህ ዓመት በጸደይ ሞተች። ልቧ ነው አሉ። ሎክራጅ መርዶውን የሰማው ለስብሰባ ፖክራ ሄዶ ነው። አለቀሰ፤ ይህንን መካድ ነውር ነው፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጠበና ስልኩን አወጣ። ሐዘኑ በሥርዓት ለሚዘጋበት ለአሥራ ሦስተኛው ቀን ካርድ ከፈተ። «አክስት ቱልሲ፤ ኪርቲፑር ለቅሶ መድረስ።» ያ ቀን የባንጃ ቀን ነው። ካህኑ ጸሎቱን ሲጨርስ የእህት ልጅ ምንጣፍ ተነጥፎለት በክብር ይቀመጣል፣ ለሟች ነፍስ ተብሎ ድርሻው ይሰጠዋል፤ የሟች መንገድ በእሱ እጅ ይቃናል ይባላል። ሎክራጅ ካርዱን ከፍቶ እንደ ጨረሰ ልቡ ቀለል አለው። የዚህ አፕ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ለመሄድ ያሰበውን ሰው የሄደ ያስመስለዋል።

ቀኑ ሲደርስ፣ ጠዋት፣ የአንድ ትልቅ ደንበኛ ሲስተም ወደቀ። ቢሮው ተተራመሰ፣ ስልኩ መጮህ አላቆመም። ቀትር ላይ ስለ ቱልሲ ማሳሰቢያ መጣ፤ አስተላለፈው። እንደገና መጣ፤ እንደገና አስተላለፈው። ለቅሶ አለብኝ ቢል ሂድ ይሉት ነበር፤ ሱዲፕ ብቻውን ይወጣው ነበር። ነገር ግን ሎክራጅ ለማንም አልተናገረም። ሲመሽ ካርዱ ሊቀላ ትንሽ ቀረው። ለወራት አንድ ካርድ እንኳ ቀልቶበት አያውቅም፤ አፑም በየሳምንቱ ይህንኑ እየቆጠረ ያሞግሰዋል። ነገ በማለዳ እሄዳለሁ፣ መሄዴ ካልቀረ ምን ልዩነት አለው ብሎ አሰበና አውራ ጣቱን ራይቱ ላይ ሰደደ።

ብጥስጣሽ ወረቀቱ ዘነበ። ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ በቱልሲ ስም ላይ። ሎክራጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ሰው ያላፈረበትን ነገር አይደፋም።

ፕራቲማ ያን ሰሞን ቺትዋን ነበረች፤ እናቷ ታመው ልታስታምም ሄዳ። ካርዱ አረንጓዴ ሲሆን እሷም እዚያው ሆና አየችው። ወዲያው ጻፈችለት፤ «ሄድክ አይደል? ጎሽ። አባባ ቶያናት እንዴት ናቸው?»

ሎክራጅ ትንሽ አየው። ከዚያ «በርትተዋል» ብሎ መለሰ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገ በማለዳ አልሄደም። አረንጓዴ ካርድ ከዓይን ይጠፋል፤ ከዓይን የጠፋ ደግሞ አይጮህም። ሳምንት ካለፈ በኋላማ ምን ብሎ ይሂድ? ዘግይቶ ለቅሶ መድረስ ራሱ ምክንያት ይጠይቃል። ወር ሲሆነው ሐፍረቱ ከመንገዱ ረዘመ። ኪርቲፑር የሚባል ስም አውቶቡስ ላይ ተጽፎ ሲያይ እንኳ ዓይኑን ያሸሽ ጀመር። ያረረ ሩዝ ሲሸተው ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የሎክራጅ ግን ሳይፈታ ወገቡን እያጠበቀው ክረምቱ አለፈ።

ዳሻይን መጣ። በዳሻይን ሰው ዘመድ ዘመዱን እየዞረ ከሽማግሌዎች እጅ ግንባሩ ላይ ቲካ ይቀበላል፤ በእርጎና በቀይ ቀለም የተለወሰ ሩዝ፣ ከምርቃት ጋር። ሎክራጅ አምና ይህንን ዙረት በአፑ አሰናድቶት ነበር። የማን ቤት መቼ፣ በማን በኩል ወደ ማን። አፑ ለየባለቤቱ አስቀድሞ መልእክት ይልካል፤ «ሎክራጅና ፕራቲማ ለቲካ በዚህ ሰዓት ይመጣሉ።» ታላቅ ወንድሙ፣ «ይኼ ልጅ ለቲካ ነው ወይስ ለኦዲት የሚመጣው?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞልቶት ነበር።

ዘንድሮ የአምናውን ዕቅድ በአንድ ንክኪ ገለበጠና የቶያናትን ካርድ ከመሃል አወጣው። ፕራቲማ አይታ ኖሮ፣

«አባባ ቶያናት ጋስ?» አለች።

«ሐዘን ላይ ናቸው እኮ። ዓመቱ እስኪሞላ እዚያ ቤት ቲካ የለም።»

«ቲካ ባይኖርስ? ቁጭ ብለን ብናጫውታቸው ምን አለ?»

«በዓመት በዓል ሐዘን ቤት ሄዶ ምን ይባላል? ቁስል መነካካት ነው።»

«አንተ ካልክ» አለች። ሎክራጅ ትንፋሹን ለቀቀ። ካልሄዱ አይታወቅም። ፕራቲማና ቶያናት አንድ ቤት ቁጭ ብለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ከጠጡ ግን አለቀለት።

ያላስተዋለው አንድ ነገር ነበር። አፑ መልእክቱን የሚልከው ዕቅዱ በተገለበጠባት ቅጽበት ነው። ካርዱን ከማውጣቱ በፊት መልእክቱ ወጥቶ ሄዷል።

በማግስቱ ፕራቲማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣

«አባባ ቶያናት ደወሉልኝ» አለች።

ሎክራጅ ክው አለ። «ምን አሉሽ?»

«መልእክት ልከህላቸው የለ እንዴ? ለቲካ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እንመጣለን ብለህ። ባትልክስ ምን ነበረበት፣ ሎክ! መልእክቱ የደረሰው እኮ በእማማ ቱልሲ ስልክ ነው።»

«በእሷ?»

«አምና የሰጡህ ቁጥር የእማማ ነዋ። አባባ ስልኩን አልዘጉትም፤ ራስጌያቸው ነው የሚያስቀምጡት። ሲጮህ ደንግጠው ተነሱ አሉኝ።» ፕራቲማ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለችው። «እኔ በሐፍረት መግቢያ አጣሁ። እሳቸው ግን፣ ‹ቲካ የለንም ልጄ፤ ባንጃ እመጣለሁ ካለ ግን አይከለከልም፣ ይምጣ› አሉ። ደግሞ ‹ከጸደይ ጀምሮ የሚጠብቀው ዕቃ አለ እዚህ› አሉኝ። የምን ዕቃ ነው?»

«እንጃ» አለ ሎክራጅ።

የሸሸው ነገር ሁሉ ዳግም ተመልሶ ደጁ ላይ ቆመ። ሥራ አለብኝ ሊል ሞከረ፤ «በዳሻይን የምን ሥራ? ድርጅትህ ተዘግቷል» አለችው። ራሴን አሞኛል አለ፤ ኪኒን አመጣችለት። አንድ ማታ ለብቻው ሆኖ ስልኩን አውጥቶ ካርድ ከፈተ፤ «ለፕራቲማ እውነቱን መንገር» ብሎ ጻፈ። አፑ ቀን ምረጥ አለው። ሰሌዳውን እሷም እንደምታየው ትዝ ሲለው ወዲያው ሰረዘው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውየው እውነት ለመናገር እንኳ ቀጠሮ መያዝ አማረው።

በቲካው ቀን ከታላቅ ወንድሙ ቤት ተነሱ። ወንድሙ የሎክራጅን ግንባር ከቅንድብ እስከ ፀጉር ሥር በቀይ ሩዝ ለጥፎበታል፤ በዓል ነውና እጁ አልሰሰተም። ሞተር ብስክሌቱን ከኪርቲፑር ኮረብታ ሥር አቆሙት፤ መንገዱ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ ከዚያ በላይ ማንም በእግሩ ነው የሚወጣው። እዚያው ጥግ ላይ የሕዝብ ቧንቧና አንዲት ሻይ ሻጭ አሉ። ፕራቲማ ወደ ቧንቧው ሄዳ ግንባሯን ታጠበች።

«ታጠብ እንጂ አንተም። ለሐዘን ነጭ የለበሰ ቤት ቀይ ተቀብቶ ይገባል እንዴ?»

ሎክራጅ ታጠበ፣ በመሐረብ ፈተገ። ቀለሙ ግን ቆዳው ውስጥ ገብቷል፤ አንዳንዱ የሩዝ ፍሬም ፀጉሩ ሥር ተጣብቆ ቀረ።

መንገዱ ቢጫ ጭቃ ነው። የተቆፈረው ቧንቧ ስለሚያፈስ ፀሐይም ቢሆን አይደርቅም። ሻይ ሻጯ ከመቀመጫዋ ሆና፣ «ጫማሽን አውልቀሽ ያዢው እህቴ፣ ይኼ ጭቃ አንዴ ከያዘ ሳምንት አይለቅም» አለቻት።

«ሰሞኑን ነው የቆፈሩት?» ጠየቀች ፕራቲማ።

«ሰሞኑን? ዓመት ሊደፍን ነው እንጂ! ሹማምንቱ ቆፍረው ዳሻይን ለማክበር ሄዱ፣ የአምናውን ዳሻይን ማለቴ ነው» ብላ ሳቀች።

ፕራቲማ አልሳቀችም። የባሏን ጫማ አየት አደረገችና ሽቅብ መውጣት ጀመረች።

በሩን የከፈተላቸው የቶያናት ልጅ ኬሻብ ነው። ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ለብሷል፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ ዓመት እስኪሞላ ነጭ ይለብሳል፣ ወተትም አይቀምስም። ሎክራጅን ሲያይ በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ።

«ኦሆ፣ ባንጃ! ቤቱ ጠፋብህ አይደል? ሰው አስጠየቅን እኮ፣ ኪርቲፑር ከካርታ ላይ ተፍቃለች ወይ ብለን።»

«ኬሻብ!» አለ ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ። «እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም።»

ቶያናት ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ነጭ ቆብ አድርጎ። ከስቷል። ሎክራጅ ሲያየው የአጎቱ አንገት ይህን ያህል ቀጭን እንደነበረ አላስታወሰም። ቤቱ ውስጥ የበዓል ሽታ የለም፤ ድስቱ እንኳ ዝም ብሏል። ኬሻብ ለእንግዶቹ በወተት፣ ለራሱ ጥቁር ሻይ ቀድቶ ጥግ ላይ ተቀመጠና ሎክራጅ ግንባር ላይ የቀረውን ቅላት አፍጥጦ ያየው ጀመር።

ትንሽ ስለ መንገዱ፣ ትንሽ ስለ ጉልበት ሕመም ተወራ። ሎክራጅ ሻዩን በሦስት ጉንጭ ጨረሰ፤ ቶሎ ቢወጣ፣ ወሬው እዚያ ሳይደርስ ቢወጣ። ፕራቲማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ እናቴ ታማብኝ ለእማማ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። እሱ በመምጣቱ ነው ልቤ ያረፈው። በርትተዋል ብሎ ጻፈልኝ።»

ሎክራጅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ኬሻብ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ በኃይል አሳረፈው።

«ማን? እሱ መጥቶ...»

«መጥቶ ነበር» አለ ቶያናት።

«አባዬ!»

«መጥቶ ነበር አልኩ። ብዙ ሰው ነበር፣ አንተ ጸሎት ላይ ነበርክ፤ አላየኸውም።»

«የባንጃው ምንጣፍ እኮ አጠገቤ ነው የተነጠፈው!»

«አላየኸውም አልኩህ፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው፣ ድምፁን ሳይጨምር። ኬሻብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሎክራጅ ቀና ማለት አልቻለም። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ፣ ነጭ ለብሶ፣ በገዛ ልጁ ፊት፣ በሕይወቱ ውሸት የማያውቅ ሰው፣ ለእሱ ሲል ዋሸ። የሎክራጅ አንዲት ራይት ከቢሮ ወጥታ፣ ኮረብታውን ወጥታ፣ ይኸው ሽማግሌውንም ውሸታም አደረገችው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ከበር ቢመልሰው፣ ኬሻብ አንገቱን ቢያንቀው ይሻለው ነበር። ፕራቲማ አንዴ ባሏን አንዴ ሽማግሌውን አየች።

ቶያናት ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፣ ጓዳ ገባ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ሎክራጅ ፊት አስቀመጠና ፈታው። ያ ሳህን ነው፤ ዳሩ የተጣመመው። በአመድ ተፈትጎ ያብለጨልጫል። በላዩ አዲስ ኩታና የታጠፈ ብር አለ።

«ያን ዕለት ሥራ አጣድፎህ ድርሻህን ረስተህ ሄድክ» አለ ቶያናት፣ አሁንም ያችኑ ውሸት ይዞ። «እሷ ናት ሳህኑ ለባንጃ ይሁን ያለችው። ሌላ ሰው እንዳይበላበት ብዬ በየጊዜው እፈትገዋለሁ። በል፣ ቁም።»

ሎክራጅ ቆመ። ለምን ቁም እንዳለው ወዲያው አልገባውም። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተንበረከከ፣ አንድ እጁን ወለሉ ላይ ተደገፈ፣ ግንባሩን ወደ ሎክራጅ እግር ዝቅ አደረገ። ሎክራጅ ያኔ በልጅነቱ እንዳደረገው እግሩን ሰበሰበ። ጭቃ የነካውን ካልሲውን አየ፣ የአጎቱን ቀጭን አንገት አየ፣ ከዚያ በኋላ የያዘው ነገር ሁሉ አመለጠው።

«ተው አጎቴ! ተው! አልመጣሁም። ውሸቴን ነው፣ አልመጣሁም እኮ!»

ቶያናት ቀና አላለም።

«አውቃለሁ ልጄ» አለ፣ እንዳጎነበሰ። «እዚሁ አልነበርኩም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን...»

«እግርህን አታሽሽ።» ድምፁ የቶያናት ነው፣ ቃሉ ግን የቱልሲ ነው። «ለአንተ መሰለህ የምሰግደው? ለእህቴ ልጅ ነው። ለእሱማ ምንጣፍ አንጥፈን ስንጠብቅ ዋልን። ካህኑ መሸብኝ ይላል፣ ኬሻብ ይናደዳል፣ እኔ መንገድ ላይ ነው እላለሁ። እስኪጨልም መንገድ ላይ ነው አልኩ። ዛሬ መጣ፣ በቃ። አሁን ዝም ብለህ ቁም፣ የእሷ ሥርዓት ይለቅ።»

ሎክራጅ ቆመ። ሌላ ምን ያደርጋል? እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ እንባውና ንፍጡ እየተደባለቀ ቆመ። የሽማግሌው ግንባር እግሩን ነካ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ሎክራጅ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ፣ ቧንቧ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ አንድ ቀይ የሩዝ ፍሬ ከፀጉሩ ሥር ወረደና የቶያናት ነጭ ቆብ ላይ ወደቀ። ኬሻብ አየው። ተነስቶ መጣ፣ በሁለት ጣቱ ከአባቱ ቆብ ላይ አነሳውና በመስኮት ወረወረው። ሎክራጅን ግን አላየውም።

ሲወጡ ቶያናት በሩ ድረስ ሸኛቸው። «መንገዱ ያዳልጣል፣ ተጠንቀቁ» አለ።

ቁልቁል ሲወርዱ ፕራቲማ ከፊት፣ ሎክራጅ ሳህኑን ታቅፎ ከኋላ ነበር። በየደጃፉ ቀይ የተቀቡ ሰዎች ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዱም መልካም ዳሻይን ይላቸዋል። ፕራቲማ ትመልስላቸዋለች። ለእሱ ግን ዞራ አልተናገረችም። አንድ ነገር ብትለው ብሎ ጠበቀ። ውሸታም፣ ውለታ ቢስ፣ ከብት፣ የፈለገችውን። ዝምታዋ ከኬሻብ ምላስ ይበልጥ ለበለበው።

ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ሎክራጅ ሳህኑን ድንጋይ ላይ አኖረና ቧንቧውን ከፈተ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቢጫ ጭቃ ለብሷል። እግሩን ውኃው ሥር ሊያደርግ ሲል፣

«ተወው» አለች ፕራቲማ። «አትጠበው።»

ቀና ብሎ አያት። እንደ ተቆጣ ሰው አልነበረችም፤ አንገቷን ደፍታ የእሱን ጫማ ነው የምታየው።

«ያን ጊዜ ከቺትዋን ስመለስ ጫማህ በር ላይ ነበር» አለች። «ንጹሕ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ሎክ። ያን ኮረብታ ወጥቶ የመጣ ሰው ጫማ አቧራ እንኳ እንዴት አልነካውም ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ስልኬን ከፈትኩና አረንጓዴውን አየሁ።»

ውኃው ይወርዳል። ሎክራጅ አልዘጋውም።

«ዓይኔን ትቼ አረንጓዴውን አመንኩ» አለች ፕራቲማ። ሳህኑን ከድንጋዩ ላይ አነሳች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው፣ ታቅፋው ወደ ሞተር ብስክሌቱ ሄደች።